ተልባ የጠጣች ዲኤክስ

ሙላት ፊቱን ሳሙና አልብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የውሃውን ጆግ በዳበሳ ሲፈልግ ነው ወሬውን የሰማው። የአማቱ የእትዬ ባይነሽ ስልክ እንደ ሁልጊዜው ድምፁ ለግቢው ሁሉ የተለቀቀ ነው፤ ጆሯቸው ደህና ነው፣ ግን የሰውን ድምፅ ለብቻ ጆሮ ላይ ለጥፎ መስማት ሐሜት ይመስላቸዋል። የደወለችው ዘይነባ ነች፣ ግራና በሚባለው አገራቸው የድሮ ጎረቤታቸው። «ባይነሽ፣ ቀያሾቹ እኛ ጎጥ ገብተዋል» አለች። «መላኩ ትናንት ቀድሞ አነጋግሯቸዋል። ‹እሷ ወልድያ ገብታ ከተሜ ሆናለች፣ ዓይኗም ደክሟል፣ መሬቱን እኔው ቆሜ አስለካዋለሁ› ነው ያላቸው። ከምሳ በኋላ እናንተ ማሳ ላይ ናቸው። ባለቤቱ ካልቆመ በቆመው ሰው ስም ይገባል እየተባለ ነው። እኔ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ።»

መላኩ የእትዬ ባይነሽ ሟች ባል የወንድም ልጅ ነው። ባላቸው አርፈው፣ እሳቸውም ለዓይናቸው ሕክምና ብለው ልጃቸው ቤት ወልድያ ከገቡ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ማሳቸውን በእኩል የሚያርሰው እሱ ነው። በየዓመቱ ድርሻቸውን በጆንያ ይልካል። ጆንያው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀለለ ቢመጣም እትዬ ባይነሽ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ሙላት ሳሙናው ዓይኑን እያቃጠለው ጆሮውን አቆመ። ከማድ ቤቱ «ዘይነባ፣ ማሽላው ታጭዷል?» አሉ እትዬ ባይነሽ። «ታጭዷል።» «እንግዲያው ወሰኑ ይታያል» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሙላትና አማቱ አይነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም፤ ተከባብረው ነው። እትዬ ባይነሽ ባደጉበት ደንብ አማት ለአማቿ ፊቷን አትሰጥም፣ አማችም አማቱ ፊት አይበላም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ እግሩን አይዘረጋም። ዛሬ ዛሬ ይህንን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ጠብቀውት ሳይሆን መተዉን ማን ይጀምር ሲባባሉ አሥራ ስምንት ዓመት አለፋቸው። ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ባለው ግቢ ስድስት ዓመት ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ሲያላምጥ አላየም። «ለአባወራሽ ንገሪያቸው፣ የመብራት ካርዱ ሊያልቅ ነው» ይላሉ እሳቸው ለልጃቸው ለመቅደላ፤ ሙላት እዚያው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ «ሰምቻለሁ በያቸው» ይላል። መቅደላ ከሁለቱም ወገን ደመወዝ የማታገኝ አስተርጓሚ ናት። ዛሬ ደግሞ የፈተና ሳምንት ነውና በጠዋት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄዳ ስልኳን ዘግታለች።

ስለዚህ ሙላት ፊቱን ታጥቦ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ሄደና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለግድግዳው ተናገረ።

«መኪና አለ» አለ።

«መኪና እንዳለማ አይቻለሁ» አሉ እሳቸውም ለምድጃው።

መኪናዋ ዲኤክስ ናት፤ ዕድሜዋ ከመቅደላ ይበልጣል። ሙላት በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሰው ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ኖሮ ከአራት ወር በፊት ነው የገዛት። ሰፈራችን ከመንዳት ይልቅ ሲያጥባት ስለሚያየው «ሙላት መኪና አለው» አይልም፣ «ሙላት የሚያጥበው አለው» ነው የሚለው። ያን ዕለትም ገና ጎህ ሳይቀድ ሦስት ጀሪካን ውሃ አፍስሶባት ነበር። ለአለቃው ደውሎ የአንድ ቀን ፈቃድ ለመነ፤ እትዬ ባይነሽም አረንጓዴውን የመሬት ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ለዘይነባ ስጦታ ያስቀመጡትን የተቆላና የተደቆሰ ተልባ በፌስታል ቋጥረው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከኋላ ወንበር ገቡ። ከፊት መቀመጥማ እንዴት ይሆናል።

ችግሩ የተፈጠረው ከግቢው ሃያ ሜትር ሳይርቁ ነው። ሙላት ቀና ሲል ከጣሪያው ሥር ያለችው መስተዋት የአማቱን ዓይን እንዳለ ይዛለታለች። እስከ ግራና ድረስ አማቱን ፊት ለፊት እያየ ሊነዳ ነው። ነውር ነው። አንድ እጁን ከመሪው አነሳና መስተዋቷን ወደ ጣሪያው ገለበጣት። በዚያች ቅጽበት ከመታጠፊያው ባጃጅ ብቅ አለ፤ ሙላት በአንድ እጁ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ዲኤክሷም በአፍንጫዋ የመብራቱን ምሰሶ የሲሚንቶ እግር ጭራው አለፈች። ድምፁ ድስት በማንኪያ ሲፈቀፈቅ ይመስላል።

ወርዶ አየ። የፊት ፓራውልቷ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ፍርግርጉ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ሆኗል። ከሥሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ሙላት ውሃውን አየና ያጠባት ውሃ መሰለው፤ ሦስት ጀሪካን ፈሶባት እንዴት አትንጠባጠብ። ባጃጁ የት እንደገባ አይታወቅም። እትዬ ባይነሽ በመስኮቱ በኩል ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ «ግንቡን ጎዳነው?» ብለው ጠየቁ። አልተጎዳም። «እንግዲያው እንሂድ።»

ከወልድያ ወጥተው ወደ ሲሪንቃ ሲወርዱ ጧቱ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ግራና ቀኝ የታጨደ የማሽላ አገዳ እንደ ድንኳን ተከምሯል፤ ግመሎች በአስፋልቱ ዳር ያለ ምንም ችኮላ ይሄዳሉ። በመኪናዋ ውስጥ ቃል የለም። ሙላት ሊያወራ ፈልጎ ስለ አየሩ ሦስት ዓይነት ዓረፍተ ነገር አሰናድቶ ሦስቱንም ዋጣቸው። ከኋላው ላስቲኩ ሲንሿሿ ይሰማዋል፤ አሮጊቷ ደብተራቸውን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ነው። አንዴ ብቻ «መላኩ ልጅ ሆኖ እኔ ነኝ ያዘልኩት» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ስላልታወቀ ማንም አልመለሰም። ያን ጊዜ ነው ከገዛት ጀምሮ ሞታ የነበረችው የሙቀት መርፌ ድንገት ነፍስ ዘርታ ስትነሳ ያያት። ደስ አለው። ተሠርታለች ብሎ አሰበ። መርፌዋ እየተነሳች፣ እየተነሳች ቀዩን መስመር አለፈች፤ ከዚያ ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት እንደ ሻሽ ተዘረጋና መንገዱን ጋረደው።

መንገድ ዳር ቆመው ኮፈኑን ሲከፍት ራዲያተሩ ያፏጫል። ሙላት ስለ መኪና የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ውሃ ሲያልቅ በክዳኑ በኩል ይሞላል የሚለውን ነውና መሃረቡን አውጥቶ እጁን ወደ ክዳኑ ዘረጋ።

«እንዳይነኩት» አሉ እትዬ ባይነሽ። መቼ እንደወረዱ አላየም፤ ከጎኑ ቆመዋል። «የሚፈላ ድስት ክዳኑ እንዲህ አይነሳም። ፊትዎን ይልጥዎታል። ይቀዝቅዝ።»

ሙላት እጁን ሰበሰበ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በመቅደላ፣ በምድጃ ወይም በመስኮት በኩል ሳያልፍ በቀጥታ የደረሰው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። የሚያልፉትን ሚኒባሶች እጅ እያነሳ ቢለምንም ሁሉም እስከ በሩ ሞልተዋል፤ አንዱ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ከፈላ አይቀር ሻይ ቅጠል ጨምርበት» ብሎት አለፈ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ከቁልቁለቱ መጣች። አይታቸው ቆመች። «ውሃ ነው የቸገራችሁ? ለሰው ነው ለመኪና?»

«ለመኪና ነው» አለ ሙላት እያፈረ።

«መኪናውም የሰው ነው» አለችና ጀሪካኗን አወረደች። ከየት እንደቀዳች ሲጠይቃት በአገጯ ወደ ታች አመለከተች፤ ባመለከተችው ቦታ ላይ ሙላት ዛፍ እንጂ ቧንቧ አላየም። ግማሹን ብቻ ስጪን ቢላት ሳቀችበት። «ግማሽ ጀሪካን ጀርባ ላይ ይንቦጫረቃል እኮ፤ ከሙሉው ይከብዳል። ጨርሱት። ተመልሼ እቀዳለሁ።» ባዶውን ጀሪካን ተቀብላ፣ ገንዘብ ሲያወጣ አይታ ፊቷን አዙራ፣ በመጣችበት መንገድ ወረደች። ሙላት እስክትሰወር ድረስ አያት። ቢሮው ውስጥ አንዲት ወረቀት ለማውጣት ሰውን «ነገ ተመለስ» ሲል ስንት ዓመቱ ነው።

ያን የመሰለ ውሃ ግን በላይ ሲገባ በታች ይወጣል። እትዬ ባይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና አስፋልቱ ዳር ተንበረከኩ። ዓይናቸው የደከመ ነው፤ እጃቸውን በፍርግርጉ ስብራት አስገብተው የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሱ። የሩዝ ፍሬ የሚለቅሙ ይመስሉ ነበር። «እዚህ ነው» አሉ። «ስንጥቅ ናት። ጥፍር አታክልም።» ከዚያ ፌስታሉን ከመኪናው አስመጡ።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» አለ ሙላት።

«አዲስ ገንቦ ሲያንጠባጥብ በምን ይሟሻል?»

ሙላት አላወቀም። አንድ ገንቦ በሕይወቱ አላሟሸም።

«በተልባ ነዋ። ተልባው ውሃ ይዞ ያብጥና ቀዳዳዋን ፈልጎ ይገባል። ይህም የብረት ገንቦ ነው። ይክፈቱልኝ።»

መካኒክ ደውሎ እንዳይጠይቅ ስልኩ ኔትወርክ የለውም። አማቱን እንቢ እንዳይል አማቱ ናቸው። ከፈተላቸው። እትዬ ባይነሽ ተልባውን በጭብጣቸው እየዘገኑ በራዲያተሩ አፍ አንቆረቆሩት፤ አንድ ጭብጥ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ወጥ ላይ በርበሬ የሚጨምሩ ሰው እጃቸው እንደማይሰስት ሁሉ ፌስታሉን አራገፉት። ሙላት ሞተሩን አስነስቶ ወረደና እሱም ተንበረከከ። ሁለቱ፣ አማትና አማች፣ ትከሻ ለትከሻ፣ የመኪና ሆድ ሥር አንገታቸውን አስገብተው ተመለከቱ። ጠብታው መጀመሪያ እንደ ክር ነበር። ከዚያ ክሩ ተቆረጠና እንባ ሆነ። ከዚያ እንባው ራቀ። ከዚያ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ፣ ተንጠልጥላ፣ አልወደቀችም። ሙላት ዞር ብሎ አማቱን አያቸው፤ እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ «ረፈደ» አሉ።

እስከ መርሳ ዳርቻ እንደ አዲስ ሄደች። ማንጎና ፓፓያ በተደረደረባቸው የመንገድ ዳር ጠረጴዛዎች መካከል ሲገቡ ግን መርፌዋ እንደገና ተነሳች፣ እንፋሎቱም ተመለሰ፤ የሚገርመው ከሥሯ አንዲት ጠብታ የለም። የራዲያተር በያጁ ዓሪፍ ቤት በር ላይ ስትደርስ እያቃሰተች ቆመች። ዓሪፍ ባለ ግራጫ ጢም፣ ነገር የማያስቸኩለው ሰው ነው፤ ሱቁ አንድ የዋርካ ጥላ፣ ግማሽ በርሜል ውሃና አንድ የመበየጃ እሳት ነው። ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈታ። ውሃ አልወጣም። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የሚለጠጥ ነገር ቀስ እያለ ወርዶ ከባልዲው ሥር ተቀመጠ። ዓሪፍ በጣቱ ነካው። አሸተተው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ። «ከዚህ ውስጥ ዝገት አውጥቻለሁ፣ አሸዋ አውጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜ እንቁራሪት አውጥቻለሁ። የጾም ምሳ ሳወጣ ግን ገና ዛሬ ነው። ማን ነው ተልባ የጨመረበት?»

«እኔ ነኝ» አለ ሙላት ፈጥኖ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ባይነሽም በዚያው ቅጽበት። «እሳቸው ይዋሻሉ፤ አማቼ ናቸው፣ ሊሸፍኑኝ ነው።»

ዓሪፍ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው፤ ሳቁን በጢሙ ውስጥ ደበቀው። «እማማ፣ ሙያዎትን አልነካም። ስንጥቋን ደፍነዋታል፤ የእኔ የመበየጃ ስታኞ እንኳ እንደዚህ አይዝም። ግን ያልተሰነጠቀውንም ሁሉ አብረው ደፈኑት። ደም ሥሯ ተዘግቷል። ፈትቼ፣ አጥቤ፣ በይጄ ለማስረከብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ሰዓቱ አምስት ሰዓት ነበር። ሙላት ወደ መናኸሪያው ሮጠ። የግራና ገበያ ቀን አይደለምና ያለችው አንዲት ሚኒባስ ናት፤ ሁለት ተሳፋሪ ይዛ፣ ሾፌሩ ጫማውን አውልቆ ተኝቷል። ሳይሞላ አይነቃም አሉት። ባጃጅ ጠየቀ፤ የጠጠሩን መንገድ ጎርፍ ከበላው ወዲህ አንሄድም አሉ። እየተነፈሰ ሲመለስ ያየው ግን ሌላ ነው። ዓሪፍ ራዲያተሩን አውልቆታል፤ እትዬ ባይነሽ ከጎን ካለችው ሻይ ቤት አንድ ሙሉ ሰታቴ ድስት ፍል ውሃ አስመጥተዋል፣ ከምድጃውም አመድ በወንፊት ነፍተዋል። «ተልባ የያዘ ዕቃ በሳሙና አይለቅም» ይላሉ ለዓሪፍ፣ «ሳሙናማ ያዋድደዋል። በፍል ውሃና በአመድ ነው። ሙላው፣ ወዝውዘው፣ ድፋው።» ዓሪፍም፣ በመርሳ ማንም ሙያውን አስተምሮት የማያውቀው ሰው፣ እንደታዘዘው ሞላ፣ ወዘወዘ፣ ደፋ። በሦስተኛው የወጣው ውሃ ጠራ።

«ላ ኢላሃ» አለ ዓሪፍ ቀስ ብሎ። «እማማ፣ ይህን ከየት አወቁት?»

«ዕቃ አጥቤ» አሉ።

እሳቱ ተለኮሰ፤ ስታኞው በስንጥቋ ላይ እንደ ብር ቀለጠና ተኛ። ዓሪፍ ራዲያተሩን በርሜሉ ውስጥ ነክሮ በአፉ ነፋ፤ አረፋ አልወጣም። ሊያወጣው ሲል እትዬ ባይነሽ እጃቸውን ከውሃው ውስጥ አስገብተው ነበርና «ቆይ፣ ድገመው» አሉት። ደገመው። «እዚች ጋ ጣቴን ትነፋዋለች» አሉ። ዓሪፍ አጎንብሶ አየ፣ ምንም አላየም፤ አንገቱን ውሃው ላይ ጥሎ ጠበቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አንዲት አረፋ ወጣችና ፈነዳች። ዓሪፍ እሷንም በየዳት። ሙላት የአሮጊቷን እጅ ያየው ያኔ ነው፤ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ በአመድ የነጣ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአክብሮት የተነሳ ያላየው እጅ። ዓሪፍ ሒሳቡን ስምንት መቶ ብር አለ፤ ለሁለተኛዋ ቀዳዳ አልጨመረም፣ ያገኙት እሳቸው ናቸው ብሎ። «ጉዳያችሁን አላህ ያግራው» ብሎ ኮፈኑን ዘጋላቸው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ነበር የቀረው።

የግራናው ጠጠር መንገድ ዲኤክሷን እንደ ወንፊት ነፋት፤ መርፌዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጎጡ ሲደርሱ ቀያሾቹ ገና ዘይነባ በር ላይ ነበሩ። ዘይነባ ዘዴዋን አውቃበታለች። ምሳ ብላ አስገብታቸው፣ ከምሳ በኋላ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ ሸንኮራ፣ ከሸንኮራ በኋላ ሁለተኛ ሻይ ስታቀርብ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀምጣቸዋለች። «መጣሽ?» አለቻቸው እትዬ ባይነሽን፣ ጉንጫቸውን ስማ። «አንድ ሻይ ቢጨመር እኮ ሰዎቹ ይፈነዱ ነበር።» ቀያሿ ፍሬሕይወት የምትባል፣ ባርኔጣዋን በገመድ አገጯ ላይ ያሰረች ወጣት ናት፤ እጇ ላይ የምትለካበትን የሚበራ ሰሌዳ፣ ታብሌት፣ ይዛለች። ወደ ማሳው ሲወርዱ የጎጡ ሰው፣ አዋሳኞቹና የመሬት ኮሚቴው ሁሉ ተከተለ።

መላኩ ማሳው መሐል ቆሟል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥሩ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። አክስቱን ሲያይ ፊቱ እንደ ደመና ተለዋወጠ፤ ግን መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ፣ እሳቸውም ትከሻውን ይዘው ሳሙት። ወሰኑ ይታያል ያሉት ነገር የለም። ማሽላው የታጨደበት መሬት እስከ መላኩ ማሳ ድረስ አንድ ወጥ ቃርሚያ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በሁለቱ መካከል የነበረው የሣር ድንበር በስድስት ዓመት እርሻ ተገፍቶ ጠፍቷል። ሙላት ወረቀት የሚያምን ሰው ነው፤ ወረቀቱ ግን ወሰኑን በጎረቤት ስም እንጂ በምልክት አይናገርም። ፍሬሕይወት «እናቴ፣ ማዕዘኖቹን ያሳዩኛል?» አለች። መላኩ አፉን ከፈተ።

«መላኩ» አሉ እትዬ ባይነሽ እሱ ሳይቀድም። «ዓይኔ አያይም። ና፣ ያዘኝ።»

ሰው ሁሉ ያያል። ምን ይበል? መጥቶ ክንዱን ሰጣቸው። ጫማቸውን አወለቁና መሬቱን በባዶ እግራቸው ነኩት፤ ትንሽ እንደማዳመጥ አሉ። ከዚያ ተራመዱ። ሙላት ከኋላ ይከተላል። አሮጊቷ አይቸኩሉም፤ እግራቸውን ቃርሚያው መሐል እያንሸራተቱ፣ አንዳንዴ ቆመው፣ አንዳንዴ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሱ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ «የወይራው ጉቶ» አሉ። ጉቶ የለም። መላኩ በተረከዙ ፈቀፈቀ፤ ከአፈሩ ሥር የጠቆረ ሥር ወጣ። ፍሬሕይወት ሰሌዳዋን ነካች። ሁለተኛው ላይ «ድንጋይ፣ ጥቁር፣ ራሱ የተሰበረ»፤ በተባለው ቦታ በተባለው ዓይነት ተገኘ። ከሰዉ መሐል አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሚሰማው የቃርሚያው መሰበር ብቻ ነው። ሙላት ሃያ ዓመት በመዝገብ ቤት ሲሠራ እንዲህ ያለ ፋይል አላየም፤ አቧራ አይነካው፣ አይጥ አይበላው፣ እግር ሥር ተጽፎ የሚኖር።

ሦስተኛው ማዕዘን መላኩ ገፍቶ ያረሰው በኩል ነው። እትዬ ባይነሽ አሁን የእሱ የሚባለውን ቃርሚያ ውስጥ ገቡ። አምስት እርምጃ። አሥር። መላኩ ቆመ። እሳቸውም ቆሙ፤ አልጎተቱትም፣ አልተናገሩትም፣ ክንዱን ብቻ አልለቀቁትም። ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አቅንተው፣ ጊዜ ሞልቶ የተረፋቸው ይመስል፣ ጠበቁት። የመላኩ ግንባር አላበው። ዘይነባ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«እዚህ አይደለም፣ እትዬ» አለ መላኩ በመጨረሻ። «ሦስት እርምጃ ይቀራል።»

ራሱ ወሰዳቸው። ራሱ ተንበረከከና በእጁ ማሰ። ድንጋዩ ወጣ፤ ከታች በኩል የማረሻ ጭረት አለበት። እትዬ ባይነሽ ራሱን ዳበስ አድርገው «ዓይንህ ደህና ነው» አሉት፤ ሌላ አልጨመሩም።

የቀረው አራተኛው ጎን፣ ወደ ወንዙ የሚያዘነብለው ነው። እዚያ ደርሰው ጫፉ ድረስ ይሄዳሉ ሲባል አሮጊቷ ድንገት ወደ ውስጥ ታጠፉና አራት ክንድ ያህል መሬት ከውጭ ትተው ይሄዱ ጀመር። ፍሬሕይወት ሰሌዳዋንና አረንጓዴውን ደብተር አስተያየች። «እናቴ፣ ተሳሳቱ መሰለኝ» አለች። «በደብተርዎ ስፋት ልክ ይሄኛውም የእርስዎ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይግባ እንጂ። አሁን ካልገባ በኋላ አይገባም።»

ሙላት ራሱን መያዝ አቃተው። ከጧት ጀምሮ ለዚህ መሬት ሲሉ አስፋልት ላይ የተንበረከኩት፣ አመድ የነፉት ሴት ናቸው። «እማማ፣ ያስገቡት እንጂ» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሰው ፊት።

እትዬ ባይነሽ ዞር አሉ። «ከብት የሚወርድበት ነው፣ ሙላት» አሉት። «የእኔም፣ የእሱም፣ የዘይነባም። መላኩ ሲያርሰው ከብቶቹ ዘወር ብለው በሩቁ ነበር የሚወርዱት አሉኝ። በእኔ ስም ከገባ ነገ እኔ ስሞት ደግሞ አንዱ ያጥረዋል። ይቅር። የማንም አይሁን።»

ፍሬሕይወት መላኩን አየች፤ አዋሳኙ እሱ ነው። «ትክክል ነው?» አለችው። «ትክክል ነው» አለ መላኩ፣ ወደ መሬት እያየ። ሰሌዳዋን አራተኛ ጊዜ ነካች፤ መስመሩ ሄዶ ሄዶ ከመነሻው ጋር ገጠመ። ወደ ሙላት ዞራ አሳየችው፤ ለሌላ ለማሳየት አስባ ሳይሆን አጠገቧ የቆመው እሱ ስለነበረ ነው። «ከዓይነ ስውር ሰው ጋር ለክቼ አላውቅም ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ዓይን ካላቸው ጋርም እንዲህ ገጥሞልኝ አያውቅም።»

ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ጀምራለች። ከላይ ከጎጡ በኩል የዘይነባ ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ አቧራቸው ታየ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እንደለመዱት በሩቁ መንገድ ሊዞሩ አሉ፤ ዘይነባ «ሂ» አለቻቸው። ፊት ያለችው ቀይ ላም ቆመች፣ ነጻውን መሬት አሸተተች፣ አንድ እግሯን አስቀደመች። ኮሚቴው፣ ቀያሿ፣ መላኩ፣ ሁሉም ወደ ጎን ሆነው መንገድ ለቀቁላት። ሙላትም ለቀቀ።